ዘሩን በልጁ የተካሁበት ዓመት

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ብለው የያዙኝ። እናታቸው፣ ታናሿ ልጄ፣ ዓረብ አገር ስለሆነች እኔው ነኝ የማሳድጋቸው። ትልቋ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ የዕፀዋት ትምህርት ነው የምመርጠው ብላ ቁርጧን ተናግራለች። «አያቴ፣ አክስታችን ያን ያህል ተምራ ምርምሩን ለምን ተወችው? እሷን ስንጠይቃት ፈገግ ብላ ዝም ትላለች» አሉኝ። በቃሌ ጀመርሁላቸው፤ መሀሉ ላይ ስደርስ ተውሁት። በሉ እንግዲያ ደብተር አምጡ፣ እጽፈዋለሁ አልኋቸው። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ያን ጊዜ ጀርባየ ላይ የነበረችው ትልቋ ልጄ ናት፤ ይኸ የምጽፈውም የእሷ ነገር ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ነው። የምንዘራው ገብስ ነው፤ ስንዴም ምስርም እንሞክራለን፣ ውርጩ ግን ከገብስ በቀር ለማንም አያዝንም። ከባሌ እናት የተቀበልሁት ጥቁር ገብስ አለኝ። መልኩ ለገበያ አይሆንም፣ ነጋዴ አይቶት ያልፋል። በሶው ግን ቀኑን ሙሉ ሆድ ይይዛል።

ልጄ ገና ትንሽ ሳለች ከአውድማ የመጣ ትኩስ ገብስ ቆንጥራ አጥሩ ሥር ዘራች። ውኃ አጠጣች፣ ጠበቀች፣ አልበቀለም። እያለቀሰች መጣች።

«ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም፣ ተኝቷል። ገና አሁን መወቃቱ ነው፤ ደክሞታል» አልኋት። ለማባበል ያልሁት ነው። እሷ ግን ያዘችው። ስንት ቀን ይተኛል? ማን ይቀሰቅሰዋል? ሲተኛ ይተነፍሳል? እኔ ምን አውቄ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይችን ልጅ ወይ ተማሪ ቤት አስገቢያት ወይ ከገብሱ ጋር ጎተራ ክተቻት» ይል ነበር።

ተማሪ ቤት አስገባናት። መካነ ሰላም ጨረሰች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሁለተኛውንም ዲግሪ ያዘች። ሥራዋ ዘር ነው፤ ዘር እንዴት እንደሚተኛ፣ እንዴት እንደሚነቃ፣ እንዴት እንደሚያረጅ። አገሩ ልጅሽ ዶክተር ልትሆን ነው አሉ እያለ ወገቡን ሊያሳያት ደጄ ይሰለፍ ጀመር። «የገብስ ዶክተር ናት» ስላቸው አንዱ ሽማግሌ ተናደዱ። «ገብሱማ ጤነኛ ነው! የታመምነው እኛ!» ብለው በትራቸውን እየመቱ ሄዱ።

አንድ በዓል መጥታ ምን እንደምትሠራ አስረዳችኝ። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እፍኝ ገብስ መዳፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«እማየ፣ እዚች ፍሬ ውስጥ ስኳር አለ፣ ቅባት አለ፣ ገና ስም ያልወጣለት ብዙ ነገር አለ። ዘሩ ሲያረጅ አንዱ ይቀንሳል፣ አንዱ ይበዛል። እኛ ዘሩን በጣም በሚበርድ ነገር አቀዝቅዘን እንፈጨውና ማሽን ውስጥ እንከተዋለን። ማሽኑ እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ይነግረናል። የሰው ዕድሜ ፊቱ ላይ እንደሚታይ የዘር ዕድሜም ሆዱ ውስጥ ይታያል።»

«እንዲያ ከሆነ የኔንም ይወቅልኛ። የተወለድሁበትን ዓመት የሚነግረኝ አጥቻለሁ።»

«አንቺን ለመፍጨት ፈቃድ አልሰጡኝም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

የዶክትሬት ሥራዋን የጀመረችው እኔው ቤት ነው። የገበሬ ቤት አቀማመጥ ዘርን እንዴት እንደሚያቆየው ማወቅ ፈለገች። በላቦራቶሪ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል የተጠና ነው፤ የኛን ጎተራና ጉድጓድና ጭስ ግን ማንም አስቦ አላየውም አለችኝ። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ አውድማ፣ ከዚያው ከጥቁሩ ገብስ ወስዳ ሥልሳ ከረጢት ሰፋች። ሃያውን ጎተራ ውስጥ፣ ሃያውን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ፣ ሃያውን ጉድጓድ አኖረች። እያንዳንዱ ከረጢት ቁጥር አለው። አምስት ዓመት ይቀመጣሉ፤ በየዓመቱ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት እየወሰደች ታበቅላለች፣ ትፈጫለች።

ልትሄድ ስትል ትከሻየን ይዛ፣ «እማየ፣ አደራሽን እንዳትከፍቻቸው» አለችኝ። «ቢበላሹም ይበላሹ። መበላሸታቸውንም ነው የማጠናው።»

እሺ አልሁ። ሰማሁት፣ አልሰማሁም አልልም። ነገር ግን ዘር ቢበላሽም ይበላሽ የሚባል ነገር እኔ ጆሮ ውስጥ ማደሪያ አልነበረውም። ዘር እንዳይበላሽ ነው ዕድሜየን ሙሉ የሠራሁት። ልጅ ርቦት ሲያለቅስ እንኳ የማይነካውን እህል ይበላሽ ትለኛለች? የተማረ ሰው አነጋገር ነው ብየ አለፍሁት።

ሁለት ዓመት ደኅና ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ መኪና ቀረ፣ የስልኩም ምሰሶ ወደቀ። ልጄ በወጉ ትመጣበት በነበረው ጊዜ ሳትመጣ ቀረች። እኔ ለቤት የሚሆን ገብስ ልቀዳ ጎተራውን ስከፍት ዱቄት አየሁ። ነቀዝ።

ይኸን ለማያውቅ ልናገር። እኛ ዘንድ ነቀዝ የቆላ ነው ይባላል። በደጋ ቤት ነቀዝ ከገባ ጥፋቱ የሴትየዋ ነው፤ እርጥብ ከታ ነው፣ ጎተራዋን ሳትለቀልቅ ነው፣ ሰነፍ ናት። እንዲህ ከተባለች ሴት ቤት ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ እንኳ ሰው ያቅማማል። እኔ ራሴ ስንቷን አምቻለሁ መሰላችሁ።

ጎረቤቴ፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛየ፣ ሰፌድ ልትዋስ መጥታ አጎንብሼ አገኘችኝ።

«ወየው! ያንቺ ቤት ነቀዝ? እኛን ስታሚ የኖርሽው ሴትዮ?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ነቀዝሽ ደግሞ ጾም አያውቅም እንዴ! የክርስቲያን ነቀዝ እኮ ፍልሰታን ይጠብቃል ብየ ነበር።»

ሳቀች፤ እኔ ማልቀስ ስጀምር ግን ሳቋን ዋጠችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «አብሽሪ። ወላሂ ከአፌ አይወጣም» አለችኝ። ሰፌዱን አምጥተን ሁለታችንም ለቀማ ጀመርን።

የልጄን ከረጢቶች ከጎተራው አወጣኋቸው። ገሚሱ ደኅና ነው፤ ገሚሱን ስጨብጠው ዱቄት ነው። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ዱቄት ታገኛለች? በሰው ፊት የእናቷን ስንፍና በከረጢት ተሸክማ ትሄዳለች? ስፌታቸውን ፈታሁ። የተበሳውን እየለቀምሁ ለዶሮ ጣልሁ፣ ደኅናውን መለስሁ፣ የጎደለውን ከዚያው ከጥቁሩ ገብስ፣ ከዚያ ዓመት አዝመራ፣ ሞላሁት። ከእናቱ የተወለደ ያው ዘር ነው፤ ምን ልዩነት አለው ብየ። እንዲያውም ይኸኛው አዲስ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ይሻላታል። በየከረጢቱ ልኩን መልሼ ደፈንሁና እንደ ነበረው ሰፋሁ። የሰው እህል ተቀብሎ አጉድሎ መመለስ በኛ ወግ ነውር ነው። ሞልቼ በመመለሴ ኮራሁ እንኳ።

ጎተራውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በአዲስ አመድ ለቀለቅሁ። መንገዱ ተከፍቶ ልጄ ስትመጣ ጎተራው እንደ ሙሽራ ቤት ነበር። የጎተራውንም የጭሱንም የጉድጓዱንም ከፍላ ይዛ ሄደች። ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ደግሞ ምን አስጨነቀኝ አልሁና ዘጋሁት።

ከወር በኋላ ደወለች። ስልኩ ውስጥ ትጮኻለች። «እማየ! የጎተራው ዘር እንደ አራስ ልጅ ነው! በቀለ እኮ! በሦስት ዓመቱ እንደ ትናንት ዘር በቀለ!» «እሰይ ልጄ» አልሁ። ስትደሰት ሰምቼ ደግሞ ዝም አልሁ። ያኔ ብናገር አንድ ዓመት ነበር የሚጠፋባት። ቆጥሬዋለሁ፤ አንድ ዓመት ብቻ።

እሷ ጻፈችው። መምህራኗ አጨበጨቡላት። ባሕር ማዶ የተሻለ ማሽን አለ ተብሎ ዘሩን ይዛ ተላከች። አቀስታ ገበያ እንኳ ስሄድ የማላውቀው ሰው ልጅሽን በራዲዮ ሰማናት ይለኝ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ሰው ትሕትና መሰለው።

ባሕር ማዶ ያለው ማሽን ግን የሚደልሉት አልሆነም። የጎተራውን ከረጢት ሲያነበው በአንዱ ከረጢት ውስጥ ሁለት ዕድሜ አገኘ። የሦስት ዓመት ዘር ገና ልጅ ከሆነ ዘር ጋር ተደባልቋል። የበቀሉትም ልጆቹ ነበሩ። ያረጀ ዘር ዳግመኛ ልጅ አይሆንም፤ ይኸን ከዚያ ወዲያ ነው የተማርሁት። እንግዲህ አንድ ሰው ዘሩን ቀይሮታል ማለት ነው። ማን? ውጤቱ ሲያምር የሚጠቀም ሰው። ልጄ።

ጠርተው መለሷት። ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ሰዎች ከእሷ ጋር እኔ ቤት ድረስ መጡ፤ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውየና የምትጽፍ ወጣት ሴት። ከመካነ ሰላም በእግራቸው ስለ መጡ ጫማቸው ጭቃ ነበር። ልጄ ከስታለች። ቆሎና እርጎ አቀረብሁ። ጎረቤቴም ግቢው ውስጥ ነበረች። እንግዶቹን አየች፣ ከረጢት የሚል ቃል ሰማች፣ እኔን አንድ ጊዜ ተመለከተችኝና እንዳትጠየቅ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሰውየው ትሑት ነበሩ። «እማማ፣ አይደንግጡ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቅዎት። እነዚያን ከረጢቶች የከፈተ ሰው ነበር? አይጥ፣ ነቀዝ፣ እርጥበት፣ ያጋጠመ ነገር አለ?»

«ነቀዝ? እኔ ቤት?» ሳቅሁ። እንዴት እንደ ሳቅሁ አሁንም ይሰማኛል። «ኧረ እዚህ ቤት ነቀዝ ገብቶ አያውቅም! አገሩን ጠይቁ።»

«ማንም አልነካቸውም?»

«ማንም። ልጄ እንዳስቀመጠች ነው የወሰደችው።»

ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። «እማየ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀስ ብሎ፣ «እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው። አይቆጡሽም።»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች የእናትሽ ቤት ቆሻሻ ነው ብለው ልጄን አሳፍረዋታል፤ እሷ ደግሞ ምስክር እንድሆንላት ትፈልጋለች። እንዲያ ነው የመሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እንዲያ እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር። ቀና ብየ ሰውየውን አየሁና «ማርያምን! አልተነኩም» አልሁ።

ወጣቷ ጻፈች። አንብባ አሰማችኝ። «በጣትዎ ቢሆን ይበቃል» ስትለኝ ቀለም የነካ ጣት ናቅሁ። እስኪርቢቶውን ተቀብየ፣ አንድ በአንድ ፊደሉን አስተካክየ፣ በገዛ እጄ ፈረምሁ። ልጄ ስፈርም ትመለከተኝ ነበር። ቆሎውን አልነካችም።

ከረጢቱን ማንም ካልነካው የነካችው እሷ ናት። እናቷ መስክራለች። ሥራዋ በሙሉ ተጣለ፤ የጭሱም የጉድጓዱም፣ እኔ ያልደረስሁበትም ጭምር። አንድ ጊዜ ያጭበረበረች ሰው ቀሪውን ማን ያምናታል። ዶክትሬቱ ቀረ፣ የማስተማር ቦታዋም ቀረ። በራዲዮ ሰማናት ያሉኝ ሰዎች አሁን ደግሞ መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚጠይቁኝ ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ።

የነገርኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወረኢሉ መምህርነት አግኝታ የመጀመሪያው ዕረፍቷ ላይ መጣች። ሚኒባሱ ከጣላት ቦታ ተቀብያት ቁልቁለቱን አብረን እንወርዳለን። ፊቷን ሳላይ መናገር ይቀለኛል ብየ ከኋላ ሆኜ ነው የተናገርሁት፤ ነቀዙን፣ ለቀማውን፣ መሙላቱን፣ ሁሉንም።

ቆመች። ዞራ ግን አላየችኝም።

«የትኞቹን ከረጢቶች?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ቁጥራቸውን። የትኞቹን ሞላሽ፣ የትኞቹን ተውሽ?»

ቁጥር ማንበብ እችላለሁ። ያን ቀን ግን አላነበብሁም፤ ነቀዝ ነው ያየሁት። «አላስታውስም ልጄ» አልሁ። የትኞቹ እንደ ሆኑ ባውቅ ሌላውን ማዳን ይቻል ነበር፤ ይኸንንም ኋላ ነው ያስረዳችኝ።

«እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» አልሁ። «ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ሽማግሌ እግር ላይ እወድቃለሁ።»

«አሁን ብትናገሪ ልጇን ልታድን ነው ይሉሻል። ተይው እማየ። ጭቃ ነው፣ እግርሽን እያየሽ ውረጂ።»

ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እኔ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። በሐሰት ምያለሁና ስግደት ሰጡኝ፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድሁ። ለኔ የተፈታልኝ መሰለኝ፤ ለልጄ ግን የተፈታላት ነገር የለም። ጎረቤቴ ቃሏን እስክትሞት ጠበቀች። ደግ ሴት ነበረች። አንዳንድ ቀን ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ወሬኛ ጎረቤት ቢኖረኝ ኖሮ ልጄ ትድን ነበር እላለሁ። ወሬው አገሩን ቢዞር ኖሮ ከሽማግሌው ጆሮ ባልቀረ።

ልጄ ተማሪዎቿ ይወዷታል ይሉኛል። በየአዝመራው ትመጣለች። አጨዳ ታግዘኛለች፣ እህል ታወርዳለች። ዘር መርጠን ስናስቀር ግን ትወጣለች፤ ውኃ ልቅዳ ትላለች፣ ስልክ ተደወለልኝ ትላለች። እኔም አልጠራትም።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ መካነ ሰላም ላይ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት ወይዘሮ ሆና፣ ወፍራ፣ ከፊቴ ቆመች። ያች ስትጽፍ የነበረችው ወጣት ናት። ለሌላ ሥራ መጥታ ነው። ሰላም ተባባልን። ልጅዎ ደኅና ናት? አለችኝ፤ ደኅና ናት አልሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝና ሽንኩርቱን እንደያዝሁ የነቀዙን ነገር እዚያው ገበያው መሀል ነገርኋት።

ፊቷ ተለወጠ። ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች።

«እማማ፣ እኛ እኮ ልንመጣ አልነበረም» አለችኝ። «ሰነዱ ይበቃል፣ መንገዱም ሩቅ ነው ተብሎ ተወስኖ ነበር። እሷ ናት የለመነችን። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ እናቴ ደግሞ ዋሽታ አታውቅም፣ ሄዳችሁ ከአፏ ስሙ፤ እናቴ ያለችውን እኔ አልከራከርም ብላ፣ እኛ ከመነሳታችን በፊት ፈረመች።»